ያውቁ ኖሯል? ከባቢሌ ሸለቆ እስከ ቪየና መካነ እንስሳት

(ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጭሮ ተነስቶ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አልፎ ሐረር የሚገባ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ቢቀጥል የዝሆን አገር እንደሚደርስ ያውቁ ኖሯል? የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተመሠረተው በ1970 ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኤረር፣ ጎበሌና ዳኬታ የተባሉት ወንዞች መሬቱን እየሰነጠቁ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳሉ፤ ዝሆኖቹም ውኃውንና ጥላውን ተከትለው በሸለቆዎቹ ውስጥ ይመላለሳሉ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ዝሆን ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የኬንያ ወይም የደቡብ አፍሪካ ነው። የራሳችን ጎረቤት ግን ከጭሮ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይርቅም።

ይህ መንጋ በሳይንስ መዝገብ የራሱ ስም አለው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ሪቻርድ ላይደከር በ1907 የአፍሪካ ቀንድ ዝሆንን ከሌሎቹ ለይቶ «ሎክሶዶንታ አፍሪካና ኦርሌያንሲ» አለው፤ ስሙ ከፈረንሳይ የኦርሌያን መሳፍንት ቤት የተወሰደ ነው። ዛሬ ይህን የዝርያ ክፍፍል ሁሉም ሊቃውንት አይቀበሉትም። ክርክሩ ግን አንዱን እውነት አይለውጠውም፦ የባቢሌ ዝሆኖች ከሌሎች የኢትዮጵያ ዝሆኖች ርቀው፣ ተነጥለው የሚኖሩ ናቸው። ከሌላ መንጋ ኮርማ እየመጣ ደም አይቀላቅልም።

ያው ላይደከር ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ ለደጋ አጋዘንም ሳይንሳዊ ስም ማውጣቱን ያውቁ ኖሯል? በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እንስሳ ነው። ለእሱ የተከለለው የኩኒ ሙክታር መጠለያ ደግሞ እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ ይገኛል። ወደ አጋዘኑ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከዝሆኑ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አንድ አሳሳቢ ነገር አለ።

ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን ዝሆን ለማየት ባቢሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ መሣሪያ ሸጦ፣ በ1887 ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ የመንገዱን ሁኔታ ጽፎ አስቀርቷል። በአዋሽ ዙሪያ ያለው የግራር ጫካ ዝሆንና ሌላ አውሬ የሞላበት እንደነበረ ያነሳል። ከዚያ ወደ ኢቱ ደጋ ወጥቶ በገለምሶና በሂርና በኩል አለፈ። ዛሬ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላ አለ፣ ከርከሮ አለ፣ ጅብ አለ፤ ዝሆን የለም። በዚያ ዘመን ሐረር ከቡናና ከቆዳ ጋር የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር የሚወርድባት ገበያ ነበረች። ጥርሱ ወደ ዘይላ ሲወርድ መንጋውም አብሮ አለቀ።

አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) በዕቅድ የቆረቆሩት የጨርጨሩ ገዥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ እንደሆኑ ብዙ ሰው ያውቃል። ተውኔቱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» መሆኑን፣ ተዋንያኑም እንስሳትን ሆነው የሚናገሩ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? በከተማችን መሥራች ብዕር አውሬ መድረክ ላይ ወጥቶ የሰውን ነገር ተናግሯል።

ዝሆንን በሰው እጅ የማኖር ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴው ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ ስለዚህ ጽፏል፦ ኢትዮጵያውያን እንደ ህንዶች ዝሆንን የማሠልጠን ልማድ የላቸውም፤ ንጉሡ ግን ለትርኢት አንድ ሁለት ሲፈልግ ግልገሎቹ ተይዘው በሰው እጅ ያድጋሉ ይላል። በዚያው ዘመን የባይዛንታይን መልእክተኛ የአክሱም ንጉሥ አራት ዝሆኖች በሚጎትቱት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንደተቀበለው ጸሐፊው ዮሐንስ ማላላስ መዝግቧል፤ ንጉሡ ዐፄ ካሌብ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሌላው መልእክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ በአንድ ሜዳ ላይ 5,000 የሚያህሉ ዝሆኖች ማየቱን ተናግሯል። ቁጥሩን በዓይን ግምት ብንወስደውም መንጋው ታላቅ እንደነበረ ይመሰክራል።

የዝሆን ዓመትስ? ከአክሱም የሄደው የየመን ገዥ አብረሃ ወደ መካ ሲዘምት ዝሆን አስከትሎ ነበር፤ ዓመቱም በዚያ ተሰየመ። በቁርአን 105ኛዋ ሱራ «አል-ፊል» ትባላለች፤ ከጭሮ እስከ ገለምሶ የቁርአን ተማሪ ሕፃናት በቃላቸው የሚወጧት አጭር ሱራ ናት። በእስልምና ትውፊት የዝሆኑ ስም ማሕሙድ ሲሆን፣ ወደ መካ ሂድ ሲሉት ተንበርክኮ አልሄድም ብሏል።

ከዚያም በፊት የግብፅ ነገሥታት በጥሊሞስ ዳግማዊና በጥሊሞስ ሣልሳዊ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ዝሆን እያስያዙ በመርከብ ወደ ሰሜን ይጭኑ ነበር። እነዚህ ዝሆኖች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 በራፊያ ጦርነት ከሶርያው ንጉሥ የእስያ ዝሆኖች ጋር ተጋጥመው ሸሹ። ብዙ መጻሕፍት «የሸሹት ትንንሽ የጫካ ዝሆኖች ስለነበሩ ነው» ሲሉ ኖረዋል። በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን በኤርትራ ጋሽ ባርካ የቀሩት ዝሆኖች የሳቫና ዝሆኖች እንጂ የጫካ ዝሆኖች እንዳልሆኑ አሳየ።

በ1868 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ በዙላ አወረደ። ዙላ ጥንታዊቷ አዱሊስ አጠገብ ናት። ከባድ መድፍ ተሸክመው እስከ መቅደላ ግርጌ የወጡት እነዚያ ናቸው።

በዓለም ዝነኛው የመካነ እንስሳት ዝሆን ጃምቦ የእኛው ጎረቤት ልጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ1860 አካባቢ ተወልዶ፣ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን አካባቢ ባሉት ቆላዎች እናቱ በአዳኞች ስትገደል በግልገልነቱ ተያዘ። ወደ ፓሪስ፣ በ1865 ወደ ለንደን መካነ እንስሳት ሄደ። በ1882 በ2,000 ፓውንድ ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ፒ. ቲ. ባርነም ተሸጠ። በ1885 በካናዳ በሴንት ቶማስ ከተማ ባቡር ገጭቶት ሞተ። አፅሙ በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ያ አፅም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመረመር መንጋጋዎቹ በለስላሳ ምግብ ተበላሽተው፣ መገጣጠሚያዎቹም ገና በወጣትነቱ ተጎድተው ተገኙ። ዝሆን ቅርፊትና ቅርንጫፍ እያኘከ ጥርሱን ካልፈጨ፣ ከኋላ የሚገፋው አዲሱ መንጋጋ ተጣሞ ይበቅላል። በዕድሜው ስድስት ተከታታይ መንጋጋ ያበቅላል፤ የመጨረሻው ሲያልቅ ማኘክ ያቅተዋል። ጥሩ መካነ እንስሳት ዛሬ ጎብኚ የሚሰጠውን ዳቦ ከልክለው ደረቅ ድርቆሽና ቅርንጫፍ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

በሰው እጅ የተወለደ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዝሆን አዳም ይባል ነበር፤ በ1943 በጀርመን ሙኒክ ተወለደ። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ልደት እስከ 1978 ድረስ ቆይቶ በኖክስቪል ሆነ። ዝሆን ለማሳየት መያዝና ዝሆን ማራባት ፍጹም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ከተሞች ለአሥርት ዓመታት ዝሆን ሲያሳዩ ኖረው አንድም ግልገል አላዩም።

በዚያው በ1978 በእንግሊዝ ቼስተር የአፍሪካ ኮርማና የእስያ ሴት ዝሆን አንድ ግልገል ወለዱ። ሞቲ አሉት። አሥር ቀን ገደማ ኖሮ ሞተ። ሁለቱን ዝርያዎች ያዳቀለ ሌላ ልደት አይታወቅም።

የዝሆን እርግዝና 22 ወር ገደማ ነው፤ ከየብስ አጥቢ እንስሳት ሁሉ ረጅሙ። ግልገሉ ሲወለድ 100 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ አንድ ኩንታል ማሽላ በአራት እግሩ ቆሞ ሲሄድ ያስቡት። የሚጠባው በአፉ ነው እንጂ በኩምቢው አይደለም። የእናቲቱ ጡቶችም እንደ ላም በኋላ እግሮቿ መካከል ሳይሆን በፊት እግሮቿ መካከል ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኩምቢውን ማዘዝ አይችልም፤ ይረግጠዋል፣ ይደናቀፍበታል። የእናቱን ፋንድያ ሲቀምስ ቢታይ ጤነኛ ነው፤ ሣር የሚፈጩለትን ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ አንጀቱ የሚያስገባው እንደዚያ ነው።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ እንደምትፈልግ የጨርጨር አርሶ አደር ሁሉ ያውቃል። የሴት ዝሆን ዑደት ግን ከ13 እስከ 17 ሳምንት ይፈጃል። በዓመት ሦስት ወይም አራት ዕድል፣ ያውም በእያንዳንዱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ማለት ነው። ያ ዕድል ካመለጠ አራት ወር ይጠበቃል። እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር እጅግ ያስደንቀኛል። እንቁላል እንዲወጣ የሚያዝዘው ኤል ኤች የተባለው ሆርሞን በሴት ዝሆን ደም ውስጥ በአንድ ዑደት አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ሦስት ሳምንት ገደማ አለ። በመጀመሪያው እንቁላል አይወጣም። በሁለተኛው ይወጣል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ በየቀኑ ደም እየወሰዱ የመጀመሪያውን ከያዙ፣ ቀን መቁጠር ይጀምራሉ፤ ሐኪሞቹ ቲኬት ቆርጠው፣ የኮርማውን ዘር ይዘው በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ይደርሳሉ። ከዚህ ግኝት በፊት በሰው ሠራሽ መንገድ ዝሆን ለማዳቀል የተደረገው ሙከራ ሁሉ ከሽፏል።

ደሙ የሚወሰደው ከጆሮዋ ጀርባ ነው። ዝሆኗ ተገድዳ አይደለም፤ ጆሮዋን በአጥሩ ክፍተት አውጥታ ዝም ብላ እንድትቆም ትሠለጥናለች፤ ሽልማቷም የምትወደው ፍራፍሬ ነው። ጥሩ ጠባቂ ለዚህ ወራት ይለፋል።

በሰው ሠራሽ ዘዴ የተፀነሰው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዝሆን በ2000 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ዘዴውን ከፈጠሩት ግንባር ቀደሞቹ የበርሊኑ ላይብኒዝ ተቋም ሐኪሞች ቶማስ ሂልደብራንትና ፍራንክ ጎሪትዝ ናቸው። ሥራው የላም አዳቃዮች ከሚያውቁት በብዙ ይከብዳል፦ የሴቷ መውለጃ መንገድ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ረጅም ቱቦ፣ ካሜራና አልትራሳውንድ አንድ ላይ ይፈለጋሉ።

ከዚያ የሚበልጠው በ2013 በቪየና ሾንብሩን መካነ እንስሳት የሆነው ነው። ቶንጋ የተባለችው ዝሆን ኢቅዋን ወለደች። አባቷ ቪየናን አይቶ አያውቅም፤ በደቡብ አፍሪካ ጫካ የሚኖር የዱር ኮርማ ነበር። ለጊዜው በመድኃኒት ተኝቶ ዘሩ ተወሰደ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ ሆኖ ተጓዘ፣ ቀልጦ ግልገል ሆነ። በበረዶ ከተቀመጠ ዘር የተወለደች የመጀመሪያዋ ዝሆን ናት። ማንም ሳይታሰር፣ ማንም ከመንጋው ሳይነጠል አዲስ ደም ወደ መካነ እንስሳት ገባ። እንዲህ ያለው ሳይንስ ክብር ይገባዋል።

ዘር በአውሮፕላን እንዲመላለስ ያስገደደው ምንድን ነው? ኮርማ ነው። ጎልማሳ ወንድ ዝሆን «መስት» የሚባል ወቅት አለው፤ የወንዴ ሆርሞኑ ብዙ እጥፍ ይንራል፣ ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ፈሳሽ ይወርዳል፣ ሽንቱ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፣ የሚያውቀውን ሰው እንኳ አይምርም። ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል። የአፍሪካ ዝሆንም መስት እንዳለው በሳይንስ የተረጋገጠው ገና በ1981 ነው፤ ጆይስ ፑልና ሲንቲያ ሞስ በኬንያ አምቦሴሊ ባደረጉት ጥናት። ብዙ መካነ እንስሳት ለኮርማ የሚሆን አጥርና ገንዘብ ስላልነበራቸው ሴቶችን ብቻ ሰበሰቡ። ወልዳ የማታውቅ ሴት ዝሆን ደግሞ ዓመት በዓመት ዑደቷ ሲመላለስ ማህፀኗ እባጭ ያበቅላል፤ ያለ ዕድሜዋ መካን ትሆናለች። በአሜሪካ መካነ እንስሳት ካሉት የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች ብዙዎቹ ዑደታቸው ጭራሹን ቆሟል። ይህን ለዓመታት ያጠናችው የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ ጃኒን ብራውን ናት፤ በብዙዎቹ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ውፍረትም ይጠረጠራል፤ የማይስማሙ ዝሆኖችን በአንድ ግቢ ማኖርም ይጠረጠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ የመካነ እንስሳት ዝሆን ግልገሏን ልትረግጥ እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? ጭካኔ አይደለም፤ ልደት አይታ አታውቅም። በዱር ያለች ወጣት ዝሆን እናቷ፣ አክስቷ፣ ታላቅ እህቷ ሲወልዱ አጠገባቸው ቆማ ታድጋለች፤ የታናናሾቿ ሞግዚት ትሆናለች። ስለዚህ ዛሬ በጥሩ ስፍራ ወላዷን ለብቻዋ በሰንሰለት ማሰር ቀርቶ በመንጋዋ መካከል እንድትወልድ ይደረጋል። የምትወልድበትም ቀን በደሟ ይታወቃል፦ ፕሮጄስቴሮን ድንገት ሲያሽቆለቁል ምጡ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይመጣል።

ቀድሞ ጠባቂው ከዝሆኑ ጋር በአንድ ግቢ ገብቶ በበትር ያዝዘው ነበር። በዚያ መንገድ ብዙ ጠባቂዎች ሞተዋል። አሁን በብዙ አገር በመካከላቸው ጠንካራ አጥር ይቆማል፤ ዝሆኑ ከፈለገ ይመጣል፣ ካልፈለገ ይሄዳል። የእግር እንክብካቤው ሳይቀር በአጥሩ በኩል ይሆናል፤ እግሩን ያወጣል፣ ጥፍሩ ይሞረዳል፣ የተሰነጠቀው ይታከማል። ሲሚንቶ ላይ የቆመ ዝሆን እግሩ ይበሰብሳል፤ ወለሉ በአሸዋ የሚሞላው ለዚህ ነው።

ግልገል ዝሆን በጠዋት ሲጫወት ውሎ በማግሥቱ ሊሞት ይችላል። ኢ ኢ ኤች ቪ የተባለ የሄርፒስ ቫይረስ የደም ሥሮቹን ይበሳል። ሳይንስ ቫይረሱን የለየው በ1999 ነው። በብዛት የሚገድለው የእስያ ግልገሎችን ቢሆንም፣ በ2019 በኢንዲያናፖሊስ ሁለት ወጣት የአፍሪካ ዝሆኖች በቀናት ልዩነት ሞተውበታል። ያ ማለት የአፍሪካ ዝሆንን በሰው ሠራሽ ዘዴ በማዳቀል ዓለምን የቀደመው መካነ እንስሳት ማለት ነው።

በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት ለመካነ እንስሳት ወዳጆች መራራ ነበር። በአውሮፓ መካነ እንስሳት የተወለዱ የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች አማካይ ዕድሜ 16.9 ዓመት ሲሆን፣ በአምቦሴሊ ሰው ካልገደላቸው 56 ዓመት ይኖራሉ። ከዚያ ወዲህ አያያዙ ተሻሽሏል፤ ቁጥሩ ግን ከባድ ነው።

ቶሮንቶ በ2013 ሦስት ሴት የአፍሪካ ዝሆኖቿን ወደ ካሊፎርኒያ ሰፊ ግቢ ሸኘች። ብርዱ አልተስማማቸውም ነበር።

ከዱር ይዞ መጫኑስ ቆሟል? በ2003 ከስዋዚላንድ 11 ዝሆኖች ወደ አሜሪካ መካነ እንስሳት በረሩ፤ በ2016 ደግሞ 17። በ2019 ግን የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ጉባኤ ከዚምባብዌና ከቦትስዋና የተያዙ የዱር ዝሆኖች ከተፈጥሮ አገራቸው ውጭ እንዳይሸጡ አጠበቀው። ልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደ በቀር ለሁለቱ አገሮች በሩ ተዘግቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በ1948 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተመሠረተ። በ2012 የታተመ ጥናት ከዚያው የ15 አንበሶችን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ጥቁር ጎፈራቸውም ሲታወቅ ኖሯል። የዘር ሐረጋቸው ግን ከጥቂት መሥራቾች የተመዘዘ ስለሆነ፣ ወንድምና እህት እንዳይገናኙ ማን ከማን መዳቀል እንዳለበት የሚወስን የትውልድ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። በአውሮፓም በአሜሪካም ለዝሆን እንዲህ ያለ መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱ ዝሆን አባቱ፣ እናቱ፣ የተወለደበት ቀን ተጽፎ ይያዛል።

የሐረርጌ ዝሆን ግን በእነዚያ መዝገቦች ተጠባባቂ መንጋ የለውም። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ፤ ዛሬ እሱን የሚያራባ መካነ እንስሳት በዓለም የለም። ላይደከር በሦስት ዓመት ልዩነት ስም ያወጣላቸው ሁለቱ እንስሳት፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከዱር ከጠፉ ከየትም አይመለሱም። የኩኒ ሙክታር ደን ለማገዶ ሲቆረጥ፣ የባቢሌ ሸለቆ ለእርሻና ለግጦሽ ሲወሰድ የሚያልቀው ይህ ነው። በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ ኅብረት በ2021 የሳቫና ዝሆንን ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል።

አንዳንድ ሰዎች «እኛም በከተማችን መካነ እንስሳት ከፍተን ዝሆን እናርባ» ይላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን አልስማማም። ከላይ የተዘረዘረው ድካም ሁሉ፣ የበርሊኑ ሐኪም፣ ናይትሮጅኑ፣ የብረት አጥሩ፣ ባቢሌ ላይ መንጋው በገዛ ራሱ በነፃ የሚያደርገውን ለመተካት የሚደረግ ነው። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ኮርማ አለ። የጎደለው መሬቱና ሰላሙ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ማቃጠሏን ያስታውሳሉ? ለዓመታት ከአዳኝና ከነጋዴ የተያዘ ክምችት ነበር።

ዝሆን ማሳ ሲገባ ገበሬው መቆጣቱ ትክክል ነው፤ የዓመት ማሽላ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። በኬንያ ሉሲ ኪንግ የተባለች ተመራማሪ ቀላል መላ አሳይታለች፦ በማሳው ዙሪያ የንብ ቀፎዎች በሽቦ ተያይዘው ይሰቀላሉ፤ ዝሆኑ ሽቦውን ሲነካ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፣ ንቦቹ ይወጣሉ፣ ዝሆኑ ይሸሻል። ገበሬው ማሩን ይቆርጣል። ንብ ማነብ ለሐረርጌ ገበሬ አዲስ ሙያ አይደለም።

መካነ እንስሳት ለዱር ዝሆን የከፈሉት ብድርም አለ። በ1984 ኬቲ ፔይን በአሜሪካ ፖርትላንድ መካነ እንስሳት ከዝሆኖች አጠገብ ቆማ በአየሩ ውስጥ መንቀጥቀጥ ተሰማት፤ ድምፅ ግን አልነበረም። ሲቀዳ ዝሆኖቹ የሰው ጆሮ በማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ ተገኙ። ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ያሉ የመንጋ ክፍሎች እንዴት በአንድ ጊዜ እንደሚዞሩ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የባቢሌን ዝሆኖች የጥንት ስርጭትና እንቅስቃሴ ያጠናው ዶክተር ይርመድ ደመቀ ከአውስትራሊያውያኑ ማሪሊን ሬንፍሪና ሮጀር ሾርት ጋር ሠርቷል። ሁለቱም የእንስሳት ሥነ ተዋልዶ ሊቃውንት ናቸው። የዝሆን ፅንስን ኩላሊት መርምረው፣ የዝሆን ቅድመ አያት በውኃ ይኖር ነበር የሚለውን ሐሳብ በ1999 ያቀረቡት ቡድን ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ለባቢሌ በቶሎ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ ፋንድያ ነው። በመካነ እንስሳት ደም እየተወሰደ የተለየው የእርግዝና ሆርሞን ቅሪት በፋንድያ ውስጥም ይገኛል፤ በታንዛኒያ በዱር ዝሆኖች ላይ ተሞክሮ ያረገዘችው ካላረገዘችው ተለይታለች። ያው ፋንድያ ዘረመል ይሰጣል፤ አሜሪካዊው ሳሙኤል ዋሰር በአፍሪካ ከተሰበሰበ ፋንድያ የዘረመል ካርታ ሠርቶ፣ ወደብ ላይ የተያዘ ጥርስ ከየትኛው አካባቢ ዝሆን እንደተወሰደ ለይቷል። ዝሆኑ ሳይነካ፣ ሳይደነግጥ፣ በመድኃኒት ሳይተኛ ስንት ሴቶች እንዳረገዙ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ደማቸው ምን ያህል እንደጠበበ ይታወቃል። የሐረማያ ወይም የጭሮው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊሠራው የሚችል ነው። ለመስኩ ሥራ የሚያስፈልገው ጓንት፣ ትንንሽ ብልቃጥ፣ አልኮል፣ መንገዱን የሚያውቅ የባቢሌ ጠባቂ፣ እንዲሁም ቀኑንና ቦታውን በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ነው።